የድሬ ታዳጊዎች ከዋንጫ በፊት የውድድር ዓመት ይገባቸዋል

ድሬዳዋ ላይ የታዳጊ እግር ኳስ ወሬ በተነሳ ቁጥር «ልጆቹ ችሎታ አላቸው፣ ሜዳ ነው ያጡት» ይባላል። የሜዳው ነገር እውነት ነው፣ እመለስበታለሁ። ግን ሜዳ ቢገኝስ? ውድድሩ የሁለት ሳምንት የክረምት ዋንጫ ከሆነ ግማሹ ቡድን አንድ ጨዋታ ተጫውቶ፣ ተሸንፎ፣ ቤቱ ይገባል። ተቀያሪ ወንበር ላይ የተቀመጠው ልጅ ደግሞ አንዲት ደቂቃ ሳይሮጥ ዓመቱ ያልቅበታል። አሰልጣኙም አይፈረድበትም፤ አንዴ ከተሸነፈ ስለሚወጣ ገና ያልጠነከረ ልጅ አስገብቶ አይሞክርም።

ይቺ ከተማ የኳስ ከተማ ነበረች። የጥጥ ፋብሪካው ቡድን ኮተን በ1950ዎቹ የኢትዮጵያን ሻምፒዮና ደጋግሞ ወስዷል። በ1968 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫም ናይጄሪያ፣ ዛየር፣ ሞሮኮና ሱዳን ያሉበት ምድብ የተጫወተው እዚሁ ድሬ ነው። ይህን የማነሳው ለትዝታ አይደለም፤ ትዝታማ ሞልቶናል። የጎደለን ከመስከረም እስከ ገና ያለማቋረጥ የሚሄድ የታዳጊ ሊግ ነው።

ለንጽጽር ሩቅ አገር እንሂድ፣ ድሬ ውስጥ ማንም ሊጫወተው ወደማይችል ስፖርት፦ የካናዳ የታዳጊዎች የበረዶ ሆኪ። ሦስት ሊጎች አሉት፣ የኦንታሪዮ፣ የምዕራብና የኩቤክ። ተጫዋቾቹ በአብዛኛው ከ16 እስከ 20 ዓመት ናቸው። አንድ ቡድን በመደበኛው የውድድር ዓመት ከ60 በላይ ጨዋታ ያደርጋል፣ ዋንጫ የሚለየው ጥሎ ማለፍ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ገና ውድድሩ ሳይጀመር ልጁ በየትኛው ቅዳሜ ከማን ጋር እንደሚጫወት ያውቃል። ለተጫወተበት ለእያንዳንዱ ዓመት የአንድ ዓመት የትምህርት ክፍያ ይታሰብለታል። በኔ አስተያየት ይህን ያህል ጨዋታ፣ ያውም በሌሊት አውቶቡስ እየተጓዙ፣ ለልጅ ይበዛል። ቁጥሩን እንተወውና አሠራሩን እንይ።

ስምንት ቡድን እንበል፤ የድሬን ሠፈሮች ከዚራ፣ ሳቢያን፣ ለገሀሬ፣ መጋላ፣ አዲስ ከተማ እያልን ብንቆጥር ስምንት አይጠፋም። ደርሶ መልስ ሲጫወቱ ለእያንዳንዱ 14 ጨዋታ፣ በጠቅላላው 56 ይሆናል። በሳምንት አራት ጨዋታ ስለሚደረግ አንድ ሜዳ ይበቃል። የ2019ን የቀን መቁጠሪያ እንመልከት። መስከረም 23 ቅዳሜ ቢጀመርና ሳይቋረጥ ቢሄድ የመጨረሻው ሳምንት ታኅሣሥ 24 ቅዳሜ ላይ ይውላል፣ ገና ሊገባ አምስት ቀን ሲቀረው። ጥር ለፈተናና ለጥምቀት ይተርፋል። ረመዳን በዚያ ዓመት የካቲት መጀመሪያ አካባቢ ስለሚገባ የሚጾም ልጅ በጠራራ ፀሐይ ያለ ውሃ አይሮጥም። ረመዳን በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ያህል ወደ ኋላ ስለሚመጣ ግን አምና የሠራ መርሐ ግብር ለዘንድሮ አይገለበጥም። ብዙ ውድድር የሚደናቀፈው እዚህ ላይ ነው፤ የአምናውን ወረቀት ቀን ብቻ ቀይሮ መለጠፍ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ፀሐይዋ። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች ከተማ ናት፣ በቀትር ሱቁ ሁሉ የሚዘጋባት። ነጋዴው የተኛበትን ሰዓት ለልጅ ጨዋታ ማዋል ምን ይባላል? ሆኖም «ሜዳው ያኔ ነው ነፃ የሚሆነው» ተብሎ በስምንት ሰዓት ጨዋታ የሚያዝ አይጠፋም። የሚቻለው ሰዓት ጠባብ ነው፣ ግን አለ። ከ17 ዓመት በታች ጨዋታው ሁለት ጊዜ 40 ደቂቃ ይሁን፤ እረፍቱና የውሃ ማቆሚያው ሲጨመር አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ቅዳሜ ጠዋት አንዱ 1 ሰዓት፣ ሌላው 2፡45 ላይ ይጀመር፤ ሁለተኛው 4፡25 አካባቢ ያልቃል። እሑድ ጠዋት ቅዳሴ ስላለ አይነካ። የቀሩት ሁለቱ አንዱ ቅዳሜ፣ አንዱ እሑድ ከሰዓት በኋላ ይሁኑ።

የከሰዓቱ ጨዋታ ወጥመድ አለው። በኅዳር ፀሐይ የምትጠልቀው 12 ሰዓት ሳይሞላ ስለሆነ ጨዋታው 10 ሰዓት ካልተጀመረ የመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች በጨለማ ይሆናሉ። ረመዳን በማይውልበት ዓመት በየካቲት ጨዋታ ቢኖር ግን እስከ 12፡20 ድረስ ብርሃን ስላለ 10፡30 መጀመር ይቻላል፣ መሬቱም ትንሽ ይበርዳል። ሰው ሠራሽ ሣር ከሆነ ሌላ ጣጣ ነው፤ ፀሐይ የዋለበት ሰው ሠራሽ ሣር ከአየሩ ሙቀት በጣም በልጦ 60 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ሙቀቱ በጫማው ሶል ዘልቆ እግር ያሳርራል፣ ሲወድቁበትም ክንድ ይልጣል።

የድሬ ሙቀት ደረቅ ነው፣ ያ ደግሞ ያታልላል። ላቡ ወዲያው ስለሚተን ልጁ «አላላበኝም» ይልሃል። ማረጋገጫው ሚዛን ነው። ከጨዋታ በፊትና በኋላ፣ ላቡን ጠርጎ፣ ያለ ጫማ ይመዘን። 50 ኪሎ የሆነ ልጅ አንድ ኪሎ ከቀነሰ የክብደቱን ሁለት በመቶ ውሃ አጥቷል፣ ከዚያ በላይ ከሆነ አጠጣጡ አልሠራም ማለት ነው። ለ18 ልጅ በነፍስ ወከፍ አንድ ሊትር ተኩል ሲታሰብ 27 ሊትር ስለሚመጣ አንድ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን አይበቃም፣ ሁለት ያስፈልጋል። አንዱ ንጹሕ ውሃ ይሁን። በሌላው ውስጥ ለ20 ሊትር ግማሽ ኪሎ ስኳርና 10 የሻይ ማንኪያ ጨው ይበጥበጥ፤ በሊትር ሲሰላ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ሳይቆለል። ለምለም የሚባለው ዱቄት (ኦአርኤስ) ካለ አንዱ ፓኬት ለአንድ ሊትር ነው። ስህተቱ የሚመጣው ጨው «ይጠቅማል» ተብሎ በጭልፋ ሲጨመር ነው፤ ልጁ ያስመልሰዋል፣ የነበረውንም ውሃ ያጣል።

ፊፋ ለሙቀት ባስቀመጠው መለኪያ 32 ዲግሪ ሲታለፍ በየአጋማሹ ለውሃ ጨዋታ ይቆማል። መለኪያው እርጥበትን፣ ነፋስንና የፀሐይ ጨረርን አብሮ ስለሚቆጥር ከተራ ቴርሞሜትር ጋር አንድ አይደለም። መሣሪያው እጃችን ላይ ስለሌለ ሕጉን ማቅለል ይሻላል፦ በየትኛውም ጨዋታ፣ በየአጋማሹ 20ኛው ደቂቃ ላይ፣ ሦስት ደቂቃ ጥላ ውስጥ። አየሩ ቀዝቅዟል ብሎ ዳኛው አይሰርዘው።

የሆኪዎቹ በረዶ ከድሬ ሜዳ የሚገናኝበት አንድ ቦታ ቢኖር ይሄ ነው። ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ጠርሙስ ውሃ ተሞልቶ፣ ለመስፋፊያ አራት ጣት ያህል ተጎድሎ፣ ማታ ፍሪዘር ይግባ። አሥር ጠርሙስና አንድ ትልቅ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ሜዳው ዳር ይቀመጥ። ልጅ ሲንገዳገድ፣ ጥያቄ ሲጠየቅ ሲዘባርቅ፣ ወይም ሲጠሩት ሲፈዝ ዝም ብሎ ደክሞት አይደለም፤ ሙቀት መትቶታል። ማልያው ይውለቅ፣ ሳፋው ውስጥ በበረዶ ውሃ ይነከር፣ ጭንቅላቱ ከውሃው በላይ ተደግፎ። ሳፋው ካልበቃ በረዶው ከአንገቱ፣ ከብብቱና ከብሽሽቱ ይደረግ፣ ውሃ ሳይቋረጥ ይፍሰስበት። አእምሮው ካልተረጋጋ በአፉ ምንም አይሰጠው። እንደ ልማዳችን መጀመሪያ ባጃጅ ጠርተን ከሆነ ሰውነቱ እስከ ሐኪም ቤት ድረስ እየፈላ ነው የሚሄደው። አምቡላንሱ ይጠራ፣ እስኪመጣ ግን ማቀዝቀዙ አይቋረጥ።

ሜዳው። ሆኪ ላይ በየ20 ደቂቃው መኪና ገብቶ የተቦጫጨረውን በረዶ ይልጋል፣ በላዩ ስስ ውሃ ያፈስበታል፣ ውሃው ይረጋል። የእኛ ሜዳ በዓመት ስንት ጊዜ ይነካል? የአፈር ሜዳ ከጨዋታው በፊት ባለው ማታ ውሃ ቢረጭና ጠዋት ሁለት ሰው ከባድ የብረት ቱቦ በገመድ ቢጎትትበት አቧራው ይተኛል፣ ጉብጉቡም ይስተካከላል። ጠጠሩን ግን ቱቦ አይለቅመውም፣ የሁለቱም ቡድን ልጆች በመስመር ቆመው በእጃቸው ይልቀሙት። ለመስመር ጀሶ ይሻላል። ያልበረደ ኖራ ከላብ ጋር ሲገናኝ ቆዳ ያቃጥላል፣ ዓይን ከገባ ደግሞ ያሳውራል፤ ርካሽ ነው ተብሎ የሚበተን ከሆነ ተንሸራትቶ የወደቀው በረኛ ይከፍላል።

የዕድሜው ጉዳይ ሁሉም ሰው በሹክሹክታ የሚያወራው ነው። የልደትና የሌሎች ወሳኝ ኩነቶች ምዝገባ በአገር ደረጃ በመደበኛነት የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። ዛሬ ከ17 በታች የሚጫወት ልጅ ከዚያ በፊት ስለተወለደ የያዘው ሰርተፊኬት ዘግይቶ የወጣ ነው። ስለዚህ ከሰርተፊኬቱ ጋር የክትባት ካርድ ወይም የክርስትና ወረቀት፣ የአንደኛ ክፍል መመዝገቢያም ይታይ። ለብሔራዊ ቡድን ከአጥንት ዕድሜ የሚገመትበት የእጅ አንጓ ኤምአርአይ አለ፤ ለሠፈር ሊግ ግን ማን ይከፍላል?

ሌላው ማጭበርበር የማይመስለው ስህተት ነው። የፊፋ የዕድሜ መቁጠሪያ ጃንዩወሪ 1 ላይ ይቆረጣል፣ በእኛ ታኅሣሥ 23 (ጳጉሜን ስድስት በሆነች ማግስት በሚገባው ዓመት 22)። ኅዳር 5 ቀን 2002 የተወለደ ልጅ በፈረንጅ ኖቬምበር 14 ቀን 2009 ነው፣ ሰባት ይደመራል። ጥር 5 ቀን 2002 የተወለደው ግን ጃንዩወሪ 13 ቀን 2010 ነው፣ ስምንት ይደመራል። ጸሐፊው ለሁሉም ስምንት ከደመረ የኅዳሩ ልጅ በወረቀት ከእውነተኛ ዕድሜው አንድ ዓመት ያንሳል፤ ለሁሉም ሰባት ከደመረ በጥር የተወለደው ልጅ ያለ ጥፋቱ ይባረራል። ምዝገባው ነሐሴ ላይ በእኛው አቆጣጠር ይጻፍ፣ ልወጣውን አንድ ሰው ብቻ ይሥራው፣ ሌላ ሰው ይፈትሸው።

ካናዳዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሮጀር ባርንስሊ ከባልደረቦቹ ጋር በ1985 እ.ኤ.አ. ያሳየው ከእነዚሁ የሆኪ ሊጎች የኦንታሪዮንና የምዕራቡን አገላብጦ ነው። ከጃንዩወሪ እስከ ማርች የተወለዱት ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር ከተወለዱት በብዙ እጥፍ በልጠው ተገኙ። በጥር የተወለደ ልጅ በዚያው የፈረንጅ ዓመት ኅዳር ላይ ከተወለደ ልጅ ጋር አንድ ምድብ ውስጥ ሲገባ አሥር ወር ይበልጠዋል፤ በ13 ዓመት አሥር ወር በቁመት ጎልቶ ይታያል። መልማዩ ቁመቱን አይቶ «ችሎታ» ይላል። ለዚህ ቀላል መድኃኒት አለ፦ መልማዩ የያዘው ወረቀት ላይ ከስሙ አጠገብ የልደት ወር ይጻፍ፣ ሲመርጥ ዓይኑ ይየው።

ስለ ማጭበርበሩ ደግሞ ሆኪዎቹ አንድ ብልሃት አላቸው፦ አንድ ቡድን 20 ዓመት የሞላቸውን እስከ ሦስት ልጆች በግልጽ ያስመዘግባል። እኛም ሦስት በዕድሜ ያለፉ ልጆች በስማቸውና በእውነተኛ ዕድሜያቸው እንዲገቡ ብንፈቅድ፣ በአንድ ጊዜ ሜዳ ላይ ከሁለት በላይ እንዳይሆኑ ብንከለክል፣ ለመዋሸት የሚገፋፋው ነገር በግማሽ ይቀንሳል። ይህን ሐሳብ የማይወዱ አሰልጣኞች ይኖራሉ፤ ምክንያታቸውን መገመት አያዳግትም።

የመጨረሻው የተቀያሪ ጉዳይ ነው። ሆኪ ላይ ተጫዋች 45 ሰከንድ ያህል በሙሉ ኃይሉ ተንሸራቶ ወጥቶ ይቀመጣል፣ ተመልሶ ይገባል። በእግር ኳስ የወጣ አይመለስም ብለን ስለለመድን ይህ ለኛ አይሆንም እንላለን። የእግር ኳስ ሕግ ግን ለታዳጊዎች የወጣ ልጅ ተመልሶ እንዲገባ ይፈቅዳል፣ ፌዴሬሽኑ ከተስማማ። በድሬ ሙቀት ከዚህ የተሻለ መድኃኒት የለም፦ 18ቱም ልጆች ይጫወታሉ፣ ማንም 80 ደቂቃ ሙሉ አይንገበገብም። ፈቃዱ በውድድሩ ደንብ ውስጥ ከመጀመሪያው ጨዋታ በፊት በጽሑፍ መግባት አለበት፣ አለዚያ ተሸናፊው ክስ ያቀርባል። የዳኛው ወረቀትም ለእያንዳንዱ ልጅ የገባበትና የወጣበት ሰዓት የሚጻፍበት ስድስት ባዶ ቦታ ይኑረው፤ ሁለት አይበቃም።