ይድረስ ለሰፊው ነጭ ሳህን

ውድ ሳህን ሆይ፣ ለጤናህ እንዴት ሰንብተሃል? እኔ ከረሃቡ በስተቀር ደህና ነኝ።

ምናልባት አታስታውሰኝ ይሆናል። ባለፈው ረቡዕ ማታ ቦሌ ውስጥ ተገናኝተናል። ኮብልስቶኑ አልቆ ጭቃው የሚጀምርበት ቅያስ አለ አይደል? እዚያ፣ ታፔላ በሌላት ቤት። የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ በመጣ በሦስተኛው ቀን «የሐበሻና የፈረንጅ ምግብ የሚያዋህዱ ልጆች ከፍተዋል፣ ፊውዥን ነው፣ ብዙ ሰው አያውቀውም» ብሎ እናቱንና እኔን ጋበዘን። ሰው አለማወቁስ እውነት ነው። ሾፌራችን ሦስት ጊዜ ዞሮ ሁለት ጊዜ የሰው ግቢ አንኳኳ። ሁለተኛው ለቅሶ ቤት ሆኖ ተገኘ። አክስቴ እንዲሁ አልፋ መሄድ አይሆንላትምና ወርዳ «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» ብላ ተመለሰች። አሁን ሳስበው እዚያው ቁጭ ብንል ኖሮ ንፍሮ አይጠፋም ነበር።

በመጨረሻ አንድ የላሜራ በር ተከፈተልን። ዘበኛው «ቦታ አስይዛችኋል?» አለን። ውስጥ ስንገባ ከአሥር ጠረጴዛ ስምንቱ ባዶ ነው። መብራቱ ደግሞ ቆጣሪ የቆረጠባቸው ይመስላል።

መጀመሪያ የመጣው ተጠቅልሎ የሚጨስ እርጥብ ፎጣ ነበር። ማስታጠቢያው ቀርቶ ይኼ መተካቱን የአክስቴ ልጅ አስረዳ፤ ጠራረግን። ቀጥሎ አንተ መጣህ።

ሳህን ሆይ፣ ስፋትህን ሳይ ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽም። ጠርዝህ ብቻ ለፈረስ ጉግስ ይበቃል። ቀና ብዬ መሀልህን ሳይ ግን ሦስት ትናንሽ ትራሶች ተኝተዋል። ሽሮ ራቪዮሊ ይባላል። ሽሮውን ሊጥ ውስጥ ሰፍተው ዘግተውበታል። ምን አጥፍቶ እንደሆነ አልተነገረንም።

የአክስቴ የባሰ ነው። ረቡዕ ስለሆነ እሷ የፆም በያይነቱ አዘዘች። ጠርዝህን ተከትሎ ሰባት ነጠብጣብ መጣላት፤ ብዕር ያንጠባጠበ ይመስላል። ከጎኑ እንጀራ፣ እንደ ጣት ቀጭን ሆኖ የተጠቀለለ። አክስቴ አነሳችው፣ ዘረጋችው፣ እጇን በደንብ ጠረገችበትና «ይኼኛው ፎጣ ደግሞ ቀዝቅዟል» አለች።

ማንም ሊያርማት አልደፈረም። አስተናጋጇ ልጅ በጣቷ እያመለከተች «ይሄ የምስር ነው፣ ይሄ የክክ፣ ይሄ የጎመን» ስትል አክስቴ እያንዳንዱን ነጥብ በጣቷ ጫፍ ነካ ነካ እያደረገች ቀመሰች። ከዚያ በፍጹም ትሕትና፣ «ጨው በቅቶታል ልጄ፣ ንገሪያቸው። አሁን ዋናውን አምጪው» አለች።

የአክስቴ ልጅ ክትፎ ነበር ያዘዘው። ብይ የምታህል ክትፎ፣ ላይዋ ላይ ነጭ አረፋ። ልጅቷ «የሚጥሚጣ አየር ነው» አለችን። እናቱ አየችውና «ውይ፣ አረፋውን እንኳ አልገፈፉልህም!» አለች። ደግሞ እኮ እናት ናት፤ ከራሷ ነጥቦች የተረፈውን ሰብስባ ልታጎርሰው ሞከረች። «በሞቴ፣ አፈር ስሆን» አለች። አንድ ጉርሻ ያጣላል ሲባል ሰምተሃል? ሁለተኛው ከየት ይምጣ? ሰባቱም ነጥብ ተደምሮ አንድ ጉርሻ አልሞላም። እንጀራ ይጨመርልን ስንል «ሼፉ አመጣጥኖ ነው የሚሠራው፣ ለብቻው አንሸጥም» ተባልን። እንጀራ ልመና የሄደ ሰው ባዶ እጁን የተመለሰበት ሐበሻ ቤት ያኔ ገና አየሁ።

እንዳታኮርፍ እንጂ ማዋሃዱን አልጠላሁም። እንዴት እጠላለሁ? ጣሊያን ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። በአምስት ዓመቱ፣ በዚያችው ቀን፣ ንጉሡ ተመለሱ። ጣሊያንን አስወጣን፣ ፓስታውን አስቀረን። ስጎው ላይ በርበሬ ነሰነስንበት፣ እንጀራ ላይ ዘረገፍነው፣ በእጃችን ጠቅልለን በላነው። ፓስታ በእንጀራ ይሏል ይኼ ነው። ያኔ ፊውዥን የሚል ቃል ስላልነበረን ምሳ ነው ያልነው። ማኪያቶንስ ማን «የባሕል ውህደት» ብሎ ይጠጣዋል? ለማንኛውም እንደዚህ ስናዋህድ ማንም ሰው ተርቦ አልተነሳም።

የኔ ጠብ ከአንተ ጋር ነው። እስኪ አስበው፤ እንጀራ እኮ ራሱ ሳህን ነው። ወጡን ተሸክሞ ይመጣል፣ ማንኪያ ሆኖ ያነሳዋል፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ወጥ የጠጣው ሥሩ ይበላል። የሚጣፍጠውም እሱ ነው። ዘመድህ ትሪ ይህን ስለሚያውቅ ከሥር ዝም ብሎ ይተኛል፤ አራት ሰው ከብቦት እጅ ለእጅ ይጋጫል። አንተ ግን ለእያንዳንዳችን ለየብቻ መጣህ። ሦስት ሆነን ሦስት ሜዳ ፊታችን ተዘርግቶ፣ ያንዱ እጅ ካንዱ ሳይደርስ፣ በሹካ ነጥብ ስናሳድድ አመሸን።

ሒሳቡን የአክስቴ ልጅ ነው የከፈለው፤ እኔ ሰረቅ አድርጌ እያየሁ ነው ያነበብኩት። «ክሪስፒ ጤፍ» የሚል መስመር አለ። ምኑ ነው ብለን ብንጠይቅ መሀል ላይ በቅርጫት የመጣው ደረቅ ነገር ነው አሉን። ሳህን ሆይ፣ ያ ድርቆሽ ነው! አክስቴ ሰፌድ ላይ ፀሐይ የምታሰጣው፣ እንግዳ ሲመጣ የምትደብቀው ድርቆሽ። ላዩ ላይ 15 በመቶ ቫት አለበት። 10 በመቶ ሰርቪስም አለበት፤ የአየሯ ይሆናል።

ስንወጣ ማንም ምንም አላለም። አስፋልቱ ጋ ስንደርስ መብራት ሥር አንድ ልጅ እርጥብ ይሸጣል። ዳቦውን ሰንጥቆ የተጠበሰ ድንች ይጠቀጥቅበታል፣ አዋዜውን በማንኪያ ጀርባ ያለብሰዋል፣ በወረቀት ይጠቀልለዋል። የፆም ነው። ሦስት አዘዝን፣ ቆመን በላን። የአክስቴ ልጅ አዋዜ ነጭ ሸሚዙ ላይ ፈሰሰበት፤ እናቱ በቀሪው ዳቦ ጠረገችለትና ዳቦውን መልሳ አጎረሰችው። ሁለተኛም አጎረሰችው።

እና አክስቴ ሰላም ብላሃለች። አልተቀየመችህም፤ እንዲያውም ወዳሃለች። የት እንደሚሸጡህ ጠይቅልኝ ብላኛለች። ለፋሲካ ቤተሰቡ ሁሉ ሲሰበሰብ አንድ አንተን መሀል ብታስቀምጥህ ለስድስት ሰው ትበቃለህ ትላለች።