ቦይ ነው ወንፊት?

ትናንት ሌሊትም የቆጋ መስኖ ቦያችን ተደረመሰ። ተራዬ ደርሶ አካፋ ይዤ ስጠብቅ ውኃው መንገድ ላይ ተኛ። ሽንኩርቴ ደርቆ መንገዱ ጠጣ!

ኮንክሪቱ ተሰነጣጥቆ ሣር አብቅሏል፤ በግ ማሰማራት ይቻላል። የብረት በሩ ዝጎ አይከፈትም፤ ከተከፈተ ደግሞ አይዘጋም። የቆጋ ግድብ የተሠራው 7,000 ሄክታር እንዲያጠጣ ነው፤ የእኔ ሩብ ሄክታር በዛበት? ከላይ ያሉት ያጠጣሉ፣ ጭራው ላይ ያለነው ደለል እንጠርጋለን። (ውኃውን በተራ የሚያከፋፍሉን የውኃ አባታችን ምን ያድርጉ? እሳቸውም ይሰደባሉ።)

«ቦዩ ይቀየራል» ይሉናል በየስብሰባው። ባሕር ዳር ሄደን አቤት ስንል «ወረዳ ጠይቁ»። ወረዳ? «ከባሕር ዳር እየጠበቅን ነው»። መዋጮው ግን አንድ ቀን አርፍዶ አያውቅም! ጥገና የሚሉት ስሚንቶ መለጠፍ ነው፤ ክረምት ሲገባ ጎርፉ ጠራርጎ ጣና ይከተዋል። ኧረ ስሚንቶ ያነሰው ጣና ነው እንዴ?