ቀን ለምትቆጥሩ ወገኖቼ

ወገኖቼ፣ ጦርነት በተነሣ ቁጥር፣ ምድር በተናወጠች ቁጥር የምትቀባበሉትን መልእክት አውቀዋለሁ። «ማቴዎስ ምዕራፍ 24 ተፈጸመ፤ ለምታውቁት ሁሉ አስተላልፉ» ይላል። የሞቱት ገና ከፍርስራሹ ሥር አልወጡም። እናት የልጇን ስም እየጠራች ድንጋይ ታነሣለች። እናንተ ግን ምልክት ትቆጥራላችሁ። ይባስ ብሎ፣ አትቀየሙኝና፣ አንዳንዶቻችሁ ደስ ይላችኋል። «አላልኩም ነበር?» የምትል ደስታ ናት። በወገን ሬሳ ላይ ቆሞ ትንቢት ተፈጸመልኝ ብሎ ደስ መሰኘትን ከየትኛው ወንጌል ተማራችሁት?

እዚያው ምዕራፍ ላይ፣ በስድስተኛው ቁጥር፣ ጌታ ስለ ጦርነትና ስለ ጦርነት ወሬ ከተናገረ በኋላ «አትደንግጡ» ይላል፤ «ነገር ግን መጨረሻው ገና ነው» ብሎም ይጨምራል። እናንተ ጦርነቱን አንብባችሁ «አትደንግጡ» የሚለውን ዘለላችሁት። ቁጥር 36 ላይ ያችን ቀንና ሰዓት የሰማይ መላእክት እንኳ እንደማያውቋት ተጽፏል። ከመላእክት የተሰወረው ለሰፈራችሁ ሰባኪ ተገለጠለት?

የአውሬውን ቁጥርማ ተዉት። ክትባት በወጣ ጊዜ 666፣ አዲስ መታወቂያ በታደለ ጊዜ 666፣ በሸቀጥ ላይ የባርኮድ መስመር በታተመ ጊዜ 666 ብላችኋል። ይህ በእናንተ አልተጀመረም። በ16ኛው መቶ ዘመን ሚካኤል ሽቲፌል የሚባል ጀርመናዊ መነኩሴ ነበር፤ ኋላ የፕሮቴስታንት ተሐድሶ መሪ የነበረው የማርቲን ሉተር ወዳጅና ተከታይ ሆነ። ሰውየው ተራ ሰው አልነበረም፤ በአልጀብራ ታሪክ ስሙ እስከ ዛሬ የሚነሣ የሒሳብ ሊቅ ነው። የሮማውን ጳጳስ የሊዮ 10ኛን ስም በላቲን ጻፈና ቁጥር የሚወክሉትን ፊደላት ለይቶ ደመረ። 666 ግን አልመጣለትም። አንድ ሺህን የሚወክል ፊደል ተረፈው፤ «ይህ ምሥጢር ማለት ነው» ብሎ አወጣው። ዐሥርን የሚወክል ፊደል ጎደለው፤ ጳጳሱ ዐሥረኛው ሊዮ ናቸውና ብሎ ጨመረው። አሁን 666 ሆነ! የተረፈውን ጥሎ የጎደለውን ጨምሮ የማንን ስም አውሬ ማድረግ ያቅታል? የጠላታችሁን ስም ስታሰሉ እናንተም የምታደርጉት ይህንኑ ነው።

ሽቲፌል በዚህ አልቆመም። ዓለም እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 19 ቀን 1533 ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ታልፋለች ብሎ ሰዓቱን ጭምር ቆረጠ። ሉተር እንዲተው መከረው፤ አልሰማም። የሚያገለግላት የሎሃው መንደር ገበሬዎች ሥራቸውን ትተው፣ ያላቸውን ጨርሰው ጠበቁ። ሁለት ሰዓት ሆነ፤ አለፈ። ሊቁ ታሰረ፤ ገበሬዎቹም ክረምቱን ባዶ እጃቸውን ተቀበሉት። ሽቲፌል ከእስር ወጥቶ ወደ ሒሳቡ ተመለሰ፤ ስመ ጥር የሆነባቸውንም ሥራዎች ጻፈ። የገበሬዎቹን እህል ግን የመለሰላቸው የለም።

ቀን ቆራጮችን ሁሉ አጭበርባሪ አልልም። በአሜሪካ ዊልያም ሚለር የሚባል ገበሬ ሰባኪ ቅን ሰው እንደነበር ብዙዎች መስክረውለታል። ተከታዮቹ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 22 ቀን 1844ን ሲጠብቁ ሰብላቸውን ከማሳ ሳይሰበስቡ የቀሩ ነበሩ። ቅንነቱ ግን ያልተሰበሰበውን ሰብል ጎተራ አላስገባውም።

አጭበርባሪውም አልጠፋም። በደቡብ ኮርያ ሊ ጃንግ ሪም የሚባል ሰባኪ ጌታ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 28 ቀን 1992 ይመጣል ብሎ አወጀ። ሰዎች ሥራ ለቀቁ፤ ቤት ሸጠው ገንዘቡን አስረከቡት። ቀኑ ሳይደርስ ፖሊስ ሰባኪውን ሲይዘው የተገኘው ነገር ያስቃል፤ ያስለቅሳልም። ካወጀው ቀን በኋላ የሚከፈል የቦንድ ሰነድ ገዝቶ አስቀምጧል! ለመንጋው ነገ የለም እያለ ለራሱ የነገ ወለድ ያሰላ ነበር። በማጭበርበር ተፈርዶበት ወኅኒ ወረደ።

አሜሪካዊው የሬዲዮ ሰባኪ ሃሮልድ ካምፒንግ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. 1994ን፣ ቀጥሎ ሜይ 21 ቀን 2011ን፣ እሱም ሲያልፍ የዚያኑ ዓመት ኦክቶበርን ቆረጠ። ተከታዮቹ ጥሪታቸውን በየአውራ ጎዳናው ለሚሰቀል ማስታወቂያ አፈሰሱት። እ.ኤ.አ. በ2012 ካምፒንግ ቀን ለመቁረጥ መሞከሩ ኃጢአት እንደነበር በጽሑፍ አመነ። ዘጠና ዓመት አልፎት ይህን ማለቱን አከብርለታለሁ። እናንተ ዘንድ ያሉት ቀን ቆራጮች ግን ቀናቸው ሲያልፍ ምን ይላሉ? «በጸሎታችን ተራዘመ» ይላሉ፤ እናንተም «አሜን» ትላላችሁ!

በሽታው ከቤተ ክርስቲያን ዕድሜ እኩል ነው። በተሰሎንቄ «የጌታ ቀን ደርሷል» የሚል ወሬ ምእመናኑን አናውጧቸው ነበር። ሐዋርያው ጳውሎስ በሁለተኛው መልእክቱ ፈጥናችሁ ከአእምሯችሁ አትናወጡ ብሎ ጻፈላቸው። እዚያው መልእክት መጨረሻ ላይ «ሊሠራ የማይወድ አይብላ» የሚለው ቃል ይገኛል። ይህን ቃል ለሰነፍ ጎረቤታችሁ ስትጠቅሱት እሰማለሁ፤ የመጨረሻውን ቀን በሚናገር ደብዳቤ ውስጥ መጻፉን ግን አታስተውሉም።

ጌታ የፍርዱን ጥያቄ ደብቆ አልሄደም፤ በማቴዎስ 25 አስቀድሞ አውጥቶታል። ተርቤ አበላችሁኝ ወይ? ታርዤ አለበሳችሁኝ ወይ? ታስሬ ጠየቃችሁኝ ወይ? ነው የሚለው። ስንት ሰዓት እንደምመጣ ደረሳችሁበት ወይ የሚል የለበትም። ጥያቄው በእጁ እያለ ስለ ፈተናው ሰዓት ሲከራከር የሚያድር ተማሪ ሆናችኋል።

በሌላ በኩል ቆማችሁ የምትስቁ ደግሞ፣ ለእናንተ አላጨበጭብም። ክርስቶስ በሕያዋንና በሙታን ሊፈርድ ይመጣል የሚለው ቃል እ.ኤ.አ. በ381 በቁስጥንጥንያ ጉባኤ ከጸደቀው የሃይማኖት ጸሎት ውስጥ ነው፤ የሐሰተኞች ቀን መክሸፉ አይሽረውም። በራእይ 20 ስለተጻፈው የክርስቶስ የሺህ ዓመት መንግሥት ሊቃውንት ይለያያሉ፤ ይለያዩ። በማቴዎስ 24 ምሳሌ «ጌታዬ ይዘገያል» ብሎ ባልንጀሮቹን መምታት የጀመረው አገልጋይ ግን እናንተን ይመስላል። ፍርድ የለም ብላችሁ የድኻ ደመወዝ የምትይዙ፣ ለእናንተም ነው የምናገረው።

እንግዲህ ስሙኝ። ቀጣዩ ቀን ቆራጭ ወደ ጉባኤያችሁ ሲመጣ፣ ስሌቱን ከመስማታችሁ በፊት የቤቱ ካርታ በማን ስም እንደሆነ ጠይቁት። «ዓለም ልታልፍ ምን ያደርግልሃል» ብላችሁ ከትምህርት ያስቀራችሁትን ልጅ ነገ ጠዋት ወደ ክፍሉ መልሱት። በአውሬው ወሬ አስደንግጣችሁ እንቅልፍ የነሣችኋትን ሕፃን አጠገቧ ተቀምጣችሁ ጌታ «አትደንግጡ» ማለቱን ንገሯት። ጌታ ሳይመጣ አይቀርም ብላችሁ ያዘገያችሁትንም ዕዳ ክፈሉ፤ አበዳሪው እየጠበቀ ነው።