የዕድራችንን ዳኛ እናውቃለን፤ ተመራጫችንንስ?

የአዲስ አበባ ነዋሪ የሆናችሁ ወገኖቼ፣ ነገሬን የምጀምረው ከሰፈሬ ዕድር ነው። በቅርቡ ባደረግነው ስብሰባ አንዲት እናት ተነሥተው ለድንኳን ማሰፊያ ወጣ የተባለው ገንዘብ ደረሰኝ ይታይ አሉ። ገንዘብ ያዡ ከፌስታሉ ውስጥ ፈልጎ አውጥቶ ቀኑንና የብሩን መጠን ጮክ ብሎ እስኪያነብ ድረስ አልተቀመጡም። ማንም አልተቆጣቸውም፤ እንዲያውም «ደግ አደረጉ» ተባሉ። ስንበተን በር ላይ የቆሙትን በከተማው ምክር ቤትም ሆነ በወረዳው ምክር ቤት እኛን ወክሎ የተቀመጠው ማን እንደሆነ ብጠይቅ አንድ ስም የጠራልኝ ሰው አጣሁ። እኔም አላውቅም ነበር።

ለወር መዋጮ ይህን ያህል የምንተጋ ሰዎች፣ ስለ መንገዳችን፣ ስለ ውኃችን፣ ስለ ቤታችን ይዞታና ስለ ልጆቻችን ትምህርት ቤት በስማችን እጁን የሚያወጣውን ሰው መልኩን እንኳ አለማወቃችን የሚያሳፍር ነው። ጥፋቱ የመንግሥት ብቻ ነው ብላችሁ እንዳታልፉት። የመንግሥት ድርሻ አለበት፤ እመጣበታለሁ። የእኛ ግን ይቀድማል።

ቀበሌ የሚባለው ነገር በ1967 ከወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ጋር መጥቶ ከኑሯችን ከተቆራኘ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል። በደርግ ዘመን ያደረሰብንን የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ዛሬም ከወረዳ ሲጠሩ ልባቸው ይደነግጣል፤ በእነሱ አልፈርድም። እኛ ልጆቻቸው ግን ፍርሃቱን ወርሰን ምክንያቱን ረስተነዋል። በ2000 በተደረገው የአካባቢ ምርጫ የአንድ ቀበሌ ምክር ቤት አባላት ቁጥር እስከ 300 እንዲደርስ ተደርጎ ነበር፤ በየአጥሩ ሥር አንድ ተመራጭ እንደማለት ነው። ታዲያ ከእነዚያ ሁሉ መካከል ስለ አንድ የተደፈነ ቱቦ በስሙ ጠርተን የጠየቅነው ስንቱን ነው? ቁጥሩ ሲበዛ ኃላፊነቱ ሳስቶ ሳስቶ ጠፋ፤ እኛም ጠፍቶ ሲቀር አልፈለግነውም።

ቀጥሎ በ2005 ሚያዝያ ላይ የአካባቢ ምርጫ ተደረገ። የሥራ ዘመኑ አምስት ዓመት ስለነበር በ2010 መደገም ነበረበት፤ ተራዘመ። የአዲስ አበባና የድሬዳዋ ምክር ቤቶች ምርጫ በ2013 ከጠቅላላው ምርጫ ጋር ሲካሄድ፣ በአገሪቱ የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤቶች ግን ተራቸው ሳይደርስ ቀረ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 50 ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጠው ይላል። ያ እርከን ግን ያለ አዲስ ድምፅ ዓመታት ሲያልፉት የዕድር ዳኛ ስብሰባን በሦስት ወር ቢያሳልፍብን የምንጮኸውን ሩብ እንኳ አልጮኽንም።

የምርጫ ክልል ወሰን ጉዳይ ደግሞ ይብሳል። በአንቀጽ 103 መሠረት የሕዝብ ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ ይካሄዳል፤ የምርጫ ክልሎችን ወሰን ምርጫ ቦርድ በሚያቀርበው ረቂቅና በቆጠራው ውጤት ላይ ተመሥርቶ የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። የመጨረሻው ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ሲሆን ያኔ የአዲስ አበባ ሕዝብ 2.7 ሚሊዮን ገደማ ነበር። በዚያ ቁጥር ቢሰላ ከከተማው ምክር ቤት 138 መቀመጫዎች አንዱ የሚደርሰው ለ20 ሺህ ያህል ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ጀሞና የካ አባዶ ሞልተዋል፤ የፒያሳና የካዛንቺስ ነባር ሰፈሮች ፈርሰው ሰዉ ወደ ዳር ወጥቷል። መራጩ በአንድ በኩል፣ የመረጠው ሰው በሌላ በኩል ቀርተዋል። ከነባር ሰፈር ተነሥቶ አጠገቤ የገባ ጎረቤቴ መሸኛውን አራት አጥፎ ከቦርሳው ሳያወጣ ዓመት አለፈው። «ምን ያደርግልኛል?» ይለኛል። ቀድሞ የኖረበት ወረዳ የለም፣ አዲሱ ወረዳ አያውቀውም፤ ሰውዬው በየትኛውም መዝገብ ላይ ነዋሪ አይደለም።

በስብሰባ ላይ ያለንን ጠባይማ ሁላችንም እናውቀዋለን። ስም ስለተመዘገበ እንሄዳለን፣ የኋላውን ወንበር እንይዛለን፣ ሰዓታችንን እያየን ለቀረበው ሁሉ እጃችንን እናወጣለን። ከዚያ ከበሩ ውጭ፣ ጀበናው ዙሪያ፣ ሁሉም ተናጋሪ ነው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም እያልን ስንጽናና የኖርንበት ዝምታ እንደ ስምምነት ተቆጥሮ በቃለ ጉባኤ ሰፍሯል፤ ፊርማችንም ከሥሩ አለ።

ተመራጭ የሕዝብን እምነት ሲያጣ ከቦታው ሊያነሣው የሚችለው ሕዝቡ ራሱ መሆኑን የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ይናገራል። ስሙን የማያውቁትን ሰው ግን እምነት አጣሁብህ ማለት አይቻልም። ስለዚህ መጀመሪያ ስሙን እንጠይቅ፤ ከዚያ የሚገኝበትን ቀንና ቦታ፣ በምክር ቤቱ ምን እንደተናገረና በምን ላይ እጁን እንዳወጣ እንጠይቅ። የተዛወራችሁ መሸኛችሁን አስገቡ። ቆጠራው ይካሄድ፣ ወሰኑ እንደገና ይታይ፣ የአካባቢው ምርጫም ይደረግ ስንል በየጀበናው ሳይሆን ፊርማችንን አኑረን እንበል።

እኒያ ደረሰኝ የጠየቁ እናት ለሚቀጥለው የዕድር ስብሰባ ተመራጩ ይጠሩልን ብለው አጀንዳ አስይዘዋል። የጥሪውን ደብዳቤ እንድጽፍ የታዘዝኩት እኔ ነኝ። የተመራጩን ስም ልጠይቅ ሁለት ጊዜ ተመላልሼ «ነገ ና» ተብያለሁ፤ ደብዳቤው ተጽፎ አልቋል፣ «ለ» ከሚለው ቀጥሎ ያለው መስመር ግን ባዶ ነው።