ሲግኒፊካንት እስኪሆን ድረስ

ለድህረ ምረቃ ተማሪዎቻችን እስካሁን ሐውልት አለመቆሙ ቅር ይለኛል። ሌላው ዓለም መጀመሪያ ጥያቄ ያነሳል፣ ከዚያ ዳታ ይሰበስባል። ምን ዓይነት መንቀርፈፍ ነው! የእኛ ሰው መጀመሪያ መጠይቅ ይበትናል። ፆታ፣ ዕድሜ፣ ሃይማኖት፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ የትምህርት ደረጃ፤ የሚቀር የለም። ከዚያ ሁሉንም ኤስፒኤስኤስ የተባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ውስጥ ከቶ እርስ በርስ ያጋባቸዋል። ፒ ቫልዩዋ (ሁለቱ ባይገናኙ ኖሮ ይህን ያህል ወይም የባሰ ልዩነት በአጋጣሚ የሚታይበት ዕድል) ከ0.05 በታች የወረደች ጥንድ «ግኝት» ትባላለች። የቀሩት ጥንዶች? ማን አያቸው።

እንግሊዛዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ካርል ፒርሰን ካይ ስኩዌር የተባለውን ፈተና በ1900 እ.ኤ.አ. ሲያወጣ እንዲህ ያለ ጥቅም እንዳለው አልገባውም መሰለኝ። የሱ ሐሳብ ቀላል ነበር። ሁለቱ ነገሮች ባይገናኙ ኖሮ በሠንጠረዡ በየሳጥኑ ስንት ሰው ይጠበቅ ነበር? የተገኘውስ ከዚያ ምን ያህል ራቀ? ልዩነቱን በራሱ አባዛ፣ ለሚጠበቀው አካፍል፣ የሁሉንም ሳጥን ደምር። ሁለት በሁለት ለሆነ ሠንጠረዥ ድምሩ 3.84ን ካለፈ ሲግኒፊካንት ነው፤ ማለትም በአጋጣሚ ብቻ የመጣ አይመስልም። ባይገናኙም ግን ከመቶው አምስት ጊዜ ያህል በአጋጣሚ ያልፋል። እንግዲህ የማይገናኙ 20 ጥንዶችን ለየብቻ የፈተነ ሰው ቢያንስ አንዷ የምታልፍለት ዕድል 64 በመቶ ገደማ ነው። ይህን የመሰለ ሎተሪ የት ይገኛል?

ካላለፈችም መላ አይጠፋም። 50 ወንድና 50 ሴት ማኪያቶ ይሻላል ወይስ ሻይ ተብለው ተጠየቁ እንበል። ከወንዶቹ 30፣ ከሴቶቹ 25 ማኪያቶ አሉ። ካይ ስኩዌሩ 1.01 ነው፤ ምንም የለም። ተስፋ የሚቆርጠው ግን ሰነፍ ነው። ጎበዝ ያንኑ መቶ መጠይቅ በፎቶኮፒ አራት መቶ ያደርገዋል። መቶኛው አልተነካ፣ ካይ ስኩዌሩ 4.04 ገባ። የፎቶኮፒ ቤቶች ለሳይንስ ያላቸው አስተዋጽኦ ገና አልተነገረም።

የኦክስፎርድ ሰዎች ግን ይህን ጥበብ ሊያላግጡበት ሞክረዋል። በ1988 እ.ኤ.አ. አስፕሪን በድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ለተጠረጠሩ ታማሚዎች እንደሚጠቅም በ17,187 ሰው ላይ አሳዩ። ከዚያ ታማሚዎቹን በኮከባቸው ከፋፈሏቸው። ገውዝና ሚዛን ለሆኑት አስፕሪኑ አልጠቀመም ተባለ! ሰው እየከፋፈሉ ሲፈትኑ ምን ዓይነት ነገር እንደሚወጣ ለማሳየት ነበር። ምነው እዚህ ቢሆኑ፤ አንድ ጥሩ ቴሲስ በቀልድ አባከኑ።

ሶፍትዌሩ ከሚያወጣው ሠንጠረዥ ሥር በትንንሽ ፊደል «ከ5 በታች የሚጠበቅባቸው ሳጥኖች ይህን ያህል ናቸው» የምትል ማስታወሻ አለች። ብዙ ከሆኑ ውጤቱ አይታመንም ለማለት ነው። ስክሪንሹቱን ከሷ በላይ መቁረጥ ግን ዘመን የማይሽረው ልምድ ነው። አድቫይዘርም ይህን ያህል ወደ ታች አይወርድም።

የእውነተኛው ጥበብ ቦታ ግን የቴሲሱ ማጠቃለያ፣ ምዕራፍ አምስት ነው። እዚያ «ተያያዥነት አለው» የነበረው «ምክንያቱ ነው» ሆኖ ይነሳል። የጋብቻ ሁኔታ ከደንበኛ እርካታ ጋር ሲግኒፊካንት ወጣ? የመፍትሔ ሐሳቡ ዝግጁ ነው፦ የሚመለከተው ቢሮ አገልግሎቱን ማሻሻል አይጠበቅበትም፣ ያላገቡ ደንበኞቹን ይዳር።