ጣና ዳር የሰማሁት ጩኸት

ሲያትል ውስጥ የማታ ፈረቃ አብሮኝ የሚሠራ አንድ ጊታር ተጫዋች አለ። መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስናነሳ ነው የተዋወቅነው። ለዓመታት እሱ ሄቪ ሜታል የሚሉትን ኃይለኛ ሮክ ሲከፍት እኔ ጆሮዬን እይዝ ነበር። ባህር ዳር ነው ያደግኩት፤ ለእኔ ሙዚቃ ማለት ግጥሙ የሚሰማ ነው። አንድ ሌሊት ግን አንትራክስ የተባለው የሜታል ባንድ ከፐብሊክ ኢነሚ ራፐሮች ጋር በ1991 እ.ኤ.አ. የሠራውን «ብሪንግ ዘ ኖይዝ» አሰማኝ። ካርቶኑን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ጊታሩ ይጮሃል፣ ቃሉም ይሰማል።

ለምን እንደሚስማሙ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ሜታል ውስጥ ጊታሩ አንድ አጭር ሐረግ ይዞ ይመላለሳል፤ ሪፍ ይሉታል። ሂፕ ሆፕ ውስጥ ደግሞ ዲጄው ከድሮ ሸክላ አጭር ቁራጭ ወስዶ ይደጋግማል። ሁለቱም ከከበሮው ጋር ተጣብቀው ለቃል ቦታ ይለቃሉ። ሜታል የፋብሪካ ከተማ ከነበረችው ከእንግሊዟ በርሚንግሃም፣ ሂፕ ሆፕ በ1973 ከኒውዮርክ ብሮንክስ የወጣ የደሃ ሰፈር ልጅ ድምፅ ነው።

አሜሪካ ግን ለያይታ ነው ያኖረቻቸው። የጥቁር ሙዚቃ በአንድ ሬዲዮ፣ የነጭ በሌላ። በ1986 ራፐሮቹ ረን ዲኤምሲ «ዎክ ዚስ ዌይ»ን ከሮክ ባንዱ ከኤሮስሚዝ ጋር እንደገና ሲሠሩት፣ ቪዲዮው ላይ ሁለቱ ቡድኖች ጎን ለጎን ባሉ ክፍሎች ውስጥ ናቸው። የሮኩ ድምፃዊ መሀል ያለውን ግድግዳ በማይክ ማቆሚያው ይደረምሰዋል። ያን ሥራ ፕሮዲውስ ካደረጉት አንዱ ሪክ ሩቢን፣ በዚያው ዓመት የስሌየርን «ሬይን ኢን ብለድ» የተባለ የሜታል አልበምም ሠርቷል። አንድ ሰው ሁለቱን በአንድ ጆሮ ይሰማቸው ነበር ማለት ነው።

ዘንድሮ ለጥምቀት ባህር ዳር ገባሁ። ከእህቴ ባል ጋር ጣና ዳር ተቀምጠን አሳ እየበላን፣ የደንገል ታንኳ ሲያልፍ እያየን፣ የድሮውን አባባል አነሳልኝ። «ዓባይ ሐይቁን ሰንጥቆ ያልፋል እንጂ አይቀላቀልም» አለኝ። ቀጥሎ ስለ ልጁ አማረረ። «ራፕ ይላል፣ ጊታር ያስጮሃል፣ አሁን ደግሞ ማሲንቆ ጨመረበት። ምኑን ከምን እንደሚቀላቅል አላውቅም። እስቲ ምከርልኝ፣ ወንድሜ።»

ማታ ልጁ ክፍሉ አስገባኝ። ጓደኛው ማሲንቆ ይዞ ተቀምጧል። ማሲንቆው ላይ ትንሽ ማይክ አስረው፣ ድምፁን ዲስቶርሽን በሚሉት፣ የኤሌክትሪክ ጊታር ድምፅ በሚያሻክር መሣሪያ አሳልፈውታል። «ጋሼ፣ እስቲ ይህን ይስሙልኝ» አለኝ። ያቺ አንድ የፈረስ ጭራ ክር ተቀደደች፣ አገሳች። ልጁ በላዩ ላይ ራፕ ጀመረ። ደረቴ ውስጥ የገባው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ልጅ ሆኜ ሠርግ ላይ የሰማሁት ሽለላ።

ይህን ከልቤ ነው የምለው። ፈረንጅ ግድግዳ ሰብሮ ያገናኘው ነገር እኛ ዘንድ ድሮም በአንድ ግቢ ነው የኖረው። ፎካሪው «ዘራፍ!» ብሎ ሲነሳ ያ ጉልበት ከሜታል ምን ያንሳል? አዝማሪው «ተቀበል!» ሲሉት ቃሉን አፍታ ሳይቆይ በዜማ መልሶ ሲያወርድ፣ ራፐሮች ፍሪስታይል የሚሉት ከዚህ በምን ይለያል? ማሲንቆውም እንደ ሪፍ አጭር ሐረጉን እየደጋገመ ለግጥሙ ቦታ ይለቃል።

የሚቆጨኝ አያያዛችን ነው። ሲያትል ያለው የሥራ ባልደረባዬ ትንሽ ቡና ቤት ውስጥ ሲጫወት እንኳ ክፍያውን አስቀድሞ ይዋዋላል፤ ድምፅ የሚያስተካክልለት ሰውም አለ። ማንም አይሰድበውም። እኛ ጋ «አዝማሪ» ዛሬም ስድብ ነው። የማሲንቆው ልጅ ከቤቱ ሲወጣ መሣሪያውን በጋቢ ጠቅልሎ ነው። ልጆቹ አንድ አዳራሽ ለምነው ሁለት ሰዓት ደጅ ጠንተው ተመልሰዋል። ገንዘብ የሚያገኙት ሞቅ ያለው ሰው ግንባራቸው ላይ ሲለጥፍላቸው ነው።

እዚያ የሚናፍቀኝ ደግሞ አድማጩ ነው። ሲያትል ሰው ከፍሎ ይገባል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ያጨበጭባል፣ ይሄዳል። ለዘፋኙ ስንኝ የሚሰጥ የለም። እዚህ አድማጩ ራሱ ግማሽ ገጣሚ ነው።

ሦስተኛው ዘፈን መሀል ላይ መብራት ሄደ። ድምፅ ማጉያው ዝም አለ። ማሲንቆው ግን አላቋረጠም፤ ልጁም አላቋረጠም። በጨለማው ውስጥ በሩ ተከፈተ። የእህቴ ባል ነው። ሊቆጣ መስሎኝ ነበር። ጥቂት ቆመና ጉሮሮውን ጠረገ።

«ተቀበል!» አለ።

«ዓባይ ከጣና ጋር አልቀላቀል ቢል፣
ልጄ ቀላቀለው በማሲንቆ ኃይል።»

ልጁ ተቀበለው።