ለአቶ አይቀደም የቀረበ ውዳሴ

ዓለም ቀድመው ላለፉ ሰዎች ብዙ አጨብጭባለች። ሜዳሊያ አጥልቃላቸዋለች፣ አደባባይ ሰይማላቸዋለች። አላሳልፍም ብለው መንገድ ለዘጉት ግን እስከ ዛሬ አንድ ሐውልት እንኳ አላቆመችም። ይህ ግፍ ነው። ይህ ጽሑፍ የተነሣው ግፉን በመጠኑም ቢሆን ለመካስ ነው።

ባለውለታችን ቅዳሜና እሑድ የገዛ መኪናቸውን ይዘው ወደ እሽቅድምድም ሜዳ ከሚወርዱት አማተር አሽከርካሪዎች አንዱ ናቸው። አንዱ ማለቴ ለአነጋገር ያህል ነው እንጂ በየሜዳው እሳቸውን የሚመስል አይታጣም። የሁሉንም ስም ዘርዝሬ ስለማልጨርስ አቶ አይቀደም ልበላቸው።

ሜዳውን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ላስረዳ። በአሜሪካ እንደ ፖርሸና ቢኤምደብልዩ ባለቤቶች ማኅበር ያሉ ክበቦች ሜዳ ይከራዩና ተራው አሽከርካሪ በራሱ መኪና በፍጥነት መንዳት የሚማርበትን ቀን ያዘጋጃሉ። በዋሽንግተን አካባቢ ለሚኖረው ሐበሻ ቅርብ የሆነው በዌስት ቨርጂኒያ ያለው ሳሚት ፖይንት ነው፤ ዋናው ሜዳ 3.2 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመትና 10 ኩርባዎች አሉት። ሰዉ እንደ ልምዱ በቡድን ይከፈላል። እያንዳንዱ ቡድን በየተራው ለ20 ወይም ለ30 ደቂቃ ይነዳል፤ ከጀማሪው ጎን አስተማሪ ይቀመጣል። ዋንጫ የለም። ዳኛ የለም። ብዙዎቹ አዘጋጆች ሰዓት መያዝን ራሱን ይከለክላሉ።

አቶ አይቀደም አንደኛ የሚወጡት እንግዲህ እዚህ ነው። ውድድር ባለበት አንደኛ መውጣትማ የማንም ነው፤ ፈጣን መሆን ብቻ ይበቃል። የመጨረሻው መስመር ባልተሰመረበት፣ ሌሎቹም መወዳደራቸውን ባላወቁበት ሜዳ ድል መንሣት ግን የተለየ የአእምሮ ዝግጅት ይጠይቃል።

የማለፍ ሕጉ ቀላል ነው። በጀማሪዎች ቡድን መቅደም የሚፈቀደው በተመረጡ ቀጥ ያሉ መንገዶች ላይ ብቻ ነው፤ እዚያም ቢሆን ከፊት ያለው አሽከርካሪ በእጁ «እለፍ» ካለ ነው። እጁን በመስኮት አውጥቶ ወደ ግራ ከጠቆመ በግራ ይታለፋል፤ በጣሪያው ላይ አሻግሮ ወደ ቀኝ ከጠቆመ በቀኝ። አንድ ምልክት ለአንድ መኪና ነው፤ ሦስት መኪና ከተከተለው ሦስት ጊዜ ይጠቁማል። ከዚያ መስመሩን ሳይለቅ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ላይ ትንሽ ያነሣል። አለቀ። ልብ በሉ፣ ፈጣኑ የፈለገውን ያህል ፈጣን ቢሆን ፈቃዱ ያለው በቀርፋፋው እጅ ነው። ሥልጣን በእጁ የገባ ሰው በገዛ ጣቱ ለሌላው ያሳልፋል ብለው ይህን ሕግ ያረቀቁት የዋሆች ከየት አገር እንደመጡ አላውቅም፤ ከእኛ አገር እንዳልሆነ ግን እርግጠኛ ነኝ።

የአቶ አይቀደም መኪና አብዛኛውን ጊዜ ጉልበተኛ ናት። 490 የፈረስ ጉልበት ያላት ስምንተኛዋ ትውልድ ኮርቬት ናት እንበል። ከኋላቸው የምትመጣው ደግሞ በ116 የፈረስ ጉልበት የተወለደች፣ ቀለሟ የለቀቀ፣ እ.ኤ.አ. የ1990 ማዝዳ ሚያታ። በወረቀት ላይ ጨዋታው ገና ሳይጀመር አልቋል። ሜዳው ግን ወረቀት አይደለም፤ ኩርባ አለው።

አቶ አይቀደም ፍሬን የሚይዙት ኩርባው ገና በሩቅ ሲታይ ነው፤ ይህ ጥንቃቄያቸው ነው። ኩርባው ውስጥ ገብተው መሪውን ሁለት ሦስት ጊዜ ያስተካክላሉ፤ ይህ ደግሞ ትሕትናቸው ነው። እስከዚያ ሚያታዋ ደርሳ ከኋላቸው ልጥፍ ብላለች። ማለፍ ግን አትችልም፤ ኩርባ ውስጥ መቅደም ክልክል ነው። ሕግ አክባሪ ናትና ቀጥ ያለው መንገድ እስኪመጣ ትጠብቃለች። ቀጥ ያለው መንገድ ይመጣል። ያን ጊዜ አቶ አይቀደም ጀግንነታቸው ይመለሳል፤ ነዳጁ እስከ ወለሉ ይረገጣል፣ ሞተሩ ያገሣል፣ ሚያታዋ ከኋላ ነጥብ ሆና ትቀራለች። ድል! ቀጣዩ ኩርባ ሲመጣ ነጥቧ መልሳ መኪና ትሆናለች። በዚህ ዓይነት ማለፍ በተፈቀደበት ቦታ አይደረስባቸውም፤ በሚደረስባቸው ቦታ ማለፍ አልተፈቀደም። ጠበቆች እንዲህ ያለ የሕግ ቀዳዳ ለማግኘት ስንት ዓመት ይማራሉ። እሳቸው በቀኝ እግራቸው ብቻ አገኙት።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላል የአገራችን ሰው። ስለ ወረቀቱ አልከራከርም፤ አቶ አይቀደምን ሞኝ የሚል ካለ ግን ከኋላቸው ያለውን ሰልፍ ይቁጠር። ሁለት ዙር ሳይሞላ አምስት ስድስት መኪና ተከትሏቸዋል። ተራ ሰው ይህን ቢያይ መንገድ ዘጋሁ ብሎ ይደነግጣል። እሳቸው ግን አጀብ ያለ ምክንያት እንደማይሰበሰብ ያውቃሉ። በድሮ ዘመን በበቅሎ የሚሄድ መኰንን አጃቢዎቹን ለማሳለፍ ዳር ይዞ ሲቆም ማን አየ?

የባንዲራ ሠራተኛውም አጀቡን አይቶ ዝም አይልም። ሰማያዊ መደብ ላይ ሰያፍ ቢጫ ሰንበር ያለበትን ባንዲራ ያወጣላቸዋል፤ በአሜሪካ ሜዳዎች «ከኋላህ ፈጣን መኪና አለ፣ ስፖኪዮህን እይ» ማለት ነው። አቶ አይቀደም የክብር ሰላምታ ስለሚመስላቸው የራስ ቁራቸውን ነቅነቅ አድርገው አጸፋውን ይመልሳሉ። በሚቀጥለው ዙር ባንዲራው እንደገና ይወጣል፤ እሳቸውም እንደገና ነቅነቅ ያደርጋሉ። ጨዋ ሰው ሰላምታ አያስቀርም። ነገሩ ከበረታ ጥቁር ባንዲራ ይወጣና ወደ ማረፊያው ይጠራሉ። እዚያ ኃላፊው መስኮታቸው ላይ ጎንበስ ብሎ ሲያነጋግራቸው ከሩቅ ያየ ሰው ቃለ መጠይቅ ሊመስለው ይችላል።

በጎናቸው የተቀመጠው አስተማሪም ምስጋና አይነፈገው። መሪ የለውም፣ ፍሬን የለውም፣ ያለው አፍ ብቻ ነው። «ጠቁምላቸው» ይላል። «ቆይ ይህችን ኩርባ ልጨርስ» ይሉታል። ኩርባዋ ታልቃለች። «አሁን ጠቁምላቸው» ይላል። የሞተሩ ድምፅ ከፍ ይላል። ይህ ሰው ብዙ ጊዜ በነጻ የሚያገለግል መሆኑን ስሰማ በዓለም ላይ ደግ ሰው እንዳልጠፋ ተጽናናሁ።

አንድ ነገር ብቻ ነው የአቶ አይቀደምን ክብር የማይጠብቅላቸው፤ እሱም ፍሬናቸው ነው። አጀቡ እየቀረበ ሲሄድ እሳቸው በቀጥታው መንገድ ላይ ፍጥነት ይጨምራሉ፣ ፍሬን የሚይዙበትንም ቦታ ወደ ኩርባው ያስጠጋሉ። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬኑ ወደ ሙቀት ሊለውጠው የሚገባው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። የፍሬን ዘይት ደግሞ ከአየሩ እርጥበት ይመጥጣል፤ ያረጀ ከሆነ ቶሎ ይፈላል፤ በፈላ ጊዜም ፔዳሉ ሲረገጥ እስከ ወለሉ ዘው ይላል። ያን ጊዜ ኮርቬቷ አስፋልቱን ትታ ሣሩን ታርሳለች፣ አጀቡም በአጠገባቸው አንድ በአንድ ያልፋል። እሳቸው ይህን እንደ መቀደም አይቆጥሩትም። ሣር ላይ ያለ ሰው በጊዜያዊ ዕረፍት ላይ ነው።

ስለ አቶ አይቀደም ስናወራ ወንድማቸውን አቶ ልግባበትን መርሳት ነውር ነው። እኚህኛው የሚገኙት መቅደም በላላበት፣ በልምድ ባለቤቶቹ ቡድን ውስጥ ነው። ከፊታቸው ያለው አሽከርካሪ ፍሬን ይዞ ወደ ኩርባው መታጠፍ ከጀመረ በኋላ በውስጥ በኩል ሰተት ይላሉ። የሚገቡት በተከፈተ ቦታ አይደለም፤ እግዚአብሔር ሊከፍተው በሚችል ቦታ ነው። እምነት ማለት ይህ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለእሳቸው አይሠራም፤ የሚያፈሱት እሳቸው ሲሆኑ የሚለቅመው ሌላው ነው። በአሜሪካ ብዙዎቹ የመኪና ኢንሹራንስ ውሎች በእሽቅድምድም ሜዳ ለደረሰ ጉዳት አይከፍሉም፤ የፈለገ ለዚያ ቀን ብቻ የሚሆን ሌላ ኢንሹራንስ ይገዛል። በዚያ ላይ ሁሉም ጠዋት ሲገባ አልከስም ብሎ ፈርሟል። ስለዚህ አቶ ልግባበት የሰውየውን በር ከጨማደዱ በኋላ ትከሻውን መታ መታ አድርገው «እሽቅድምድም እኮ እንዲህ ነው» ይሉታል። እሽቅድምድም አለመሆኑን በዚያች ሰዓት ማስታወስ ብልግና ይሆናል።

አቶ አይቀደም አንዳንዴ ውጭ አገር ይሄዳሉ። ጀርመን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1927 የተከፈተው፣ 20.8 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የኑርቡርግሪንግ ሰሜናዊ ሜዳ ለሕዝብ ክፍት በሚሆንባቸው ቀናት ማንም ከፍሎ ይገባበታል። ሕጉ የመንገድ ትራፊክ ሕግ ነው፤ ቀርፋፋው ቀኙን ይይዛል፣ ፈጣኑ በግራ ያልፋል፣ ሰዓት መያዝ ክልክል ነው። የገጨ ሰው የብረት አጥሩን ማሠሪያ ሒሳብ ይቀበላል። የፎርሙላ ዋን ሻምፒዮኑ ኒኪ ላውዳ እ.ኤ.አ. በ1976 መኪናው ውስጥ እሳት የያዘው እዚህ ነው፤ ከዚያ ዓመት በኋላ ፎርሙላ ዋን በዚህ ሜዳ ላይ ታላቅ ውድድር አላደረገም። የፎርሙላ ዋን ሰዎች የፈሩትን ሜዳ አቶ አይቀደም በኪራይ መኪና፣ ግራውን ይዘው፣ ሞተር ብስክሌት አስከትለው ይዞሩታል። ቀኙን ያዝ ተብሎ ቢጻፍም እሳቸው ጀርመንኛ አያነቡም።

ይህ ሙያ ሜዳ ላይ ብቻ የተገኘ እንዳይመስላችሁ። በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ በያንዳንዱ አቅጣጫ ሦስት መስመር አለው። ከሦስቱ መካከል በግራ በኩል ያለውን ይዘው፣ ቀኙን ለነፋስ ለቀው፣ በሰማንያ የሚጓዙትን ሰዎች ስታዩ ሰላም በሏቸው፤ የአቶ አይቀደም ዘመዶች ናቸው። የሚገርመው፣ እነዚያው ሰዎች ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርዱ ፊት ለፊቱ በማይታይ ኩርባ ላይ የጭነት መኪና ደርበው ያልፋሉ። ማለፍ በሚገድልበት ያልፋሉ፤ ማሳለፍ በማይገድልበት አያሳልፉም። እንዲህ ያለ የዓላማ ጽናት በየትኛው ትምህርት ቤት እንደሚሰጥ ይነገረን።

ተራው አልቆ ሁሉም መኪናውን ሲያቆም የሚያታዋ ባለቤት ወደ አቶ አይቀደም ይመጣል። በትሕትና «ጌታዬ፣ ብዙ ጊዜ ከኋላዎ ነበርሁ» ይላቸዋል። አቶ አይቀደም ከልባቸው ይገረማሉ። «የትኛዋ ሚያታ? ያቺ ቀጥታው ላይ ርቄ ጥያት የሄድኋት?» ይሉታል። ከዚያ በምስጢር የያዙትን የዙር ሰዓት ከስልካቸው ያሳዩታል፤ ጎማዬ ስላልሞቀ ነው እንጂ ከዚህ በታች ይወርድ ነበር ብለው ይጨምራሉ። ልጁ ወጣት ነው፣ ገና ይማራል፤ ስለዚህ ስለ መሪ አያያዝ ጥቂት ምክር ይለግሱታል።

ለሚቀጥለው ወር መኪናቸውን ለማቅለል ትርፍ ዕቃ እያወጡ ነው አሉ። ምንጣፉ ወጥቷል፣ የድምፅ ማጉያዎቹ ወጥተዋል፣ ቀጥለው የሚፈቱት ሦስቱ ስፖኪዮዎች ናቸው። የሚፈልግ ገዢ ካለ ፈጠን ይበል፤ ዕቃው ኦሪጂናል ነው፣ አልተጫረም፣ ታይቶበትም አያውቅም።